በሃያ ሦስት የተከፈተው ስልክ

ይህን ነገር ከአፌ የሰሙ ሰዎች «ጨምረሽበታል» ይሉኛል። የጨመርኩት የለም። እንዲያውም የቀነስኩት አለ፤ ባልንጀራዬ በላይነሽ «እቺን እንዳትጽፊያት» ያለችኝን አንድ ሁለት ነገር ትቻለሁ። የምጽፈው እኔው ነኝ። ልጄ ማርታ ፊደሉን አቃንታልኛለች፣ ቃሉን ግን እንዳትነካ አስምያታለሁ፤ እሷ ከነካችው ማን መሆኔን ማንም አያውቅም።

ጥሩነሽ እባላለሁ። ጊዮርጊስ ደጅ ጧፍ እሸጣለሁ፤ ጧፉንም ቤቴ ሰም አቅልጬ፣ ፈትሉን እየነከርኩ የምሠራው ራሴ ነኝ። ቤቴ ሠራተኛ ሰፈር ነው። ትምህርቴ ገና ማንበብና መጻፍ እንደያዝኩ ቆሟል፤ ረጅም ነገር ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ከሁሉም በላይ ግን ፈሪ ነኝ። መኪና እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እፈራለሁ። ማርታ «እሙ፣ አንቺ የምትፈሪው ነገር ቢጠፋ፣ ምነው ጠፋ ብለሽ ትፈሪያለሽ» ትለኛለች። እሷ ብቸኛ ልጄ ናት። እዚሁ ፒያሳ ኬክ ቤት ትሠራለች። የፍርሃቴን ግማሽ የያዘችው እሷ ናት።

ስልኩን የገዛሁት ከበላይነሽ ጋር ሄጄ ነው። በላይነሽ የጽዋ ማኅበርተኛዬ ናት፣ ቤቷ ውቤ በረሃ ነው። አንድ ሱቅ ገባን፣ አንድ ዓይነት ስልክ ገዛን፤ ሻጩም ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን ቅዱስ ጊዮርጊስን የያዘ አንድ ዓይነት ሽፋን አለበሰልን። ደስ ብሎን ወጣን። የሰፈራችን ግማሽ ፈርሶ ብዙው ጎረቤት በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ሰው የምናገኘው በስልክ ነውና፣ ነገሩ ቅንጦት አልነበረም።

በመጀመሪያ ስልኬ ቁልፍ የሚባል አልነበረውም። እንደ ጓዳ በር ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ምቾቱን አልዋሽም፣ ያረጀ ሰው እንኳን ይጠቀምበታል። ችግሩ ስልኩም ራሱን መጠቀም ጀመረ። ደረቴ ውስጥ ሆኖ ይደውላል። አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ ደውሎላቸው፣ እኔ ከጎረቤቴ ጋር ስለ አንዲት ሴት የማወራውን ከላይ እስከ ታች ሰምተዋል። ቆይቼ ለኑዛዜ ስሄድ ገና አፌን ስከፍት «ያንን እለፊው፣ ሰምቼዋለሁ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዷ ጧፍ ሻጭ ስልኳን ሞጭላፊ መንጭቆ ሮጠባት። ስልኩ አልተቆለፈምና ሌባው በስሟ ለዘመዶቿ ሁሉ «ሆስፒታል ነኝ፣ ድረሱልኝ» እያለ ሲጽፍ ዋለ። ዘመዶቿ ተሰብስበው እያለቀሱ ሲመጡ እሷ ደጃፍ ቁጭ ብላ ጧፍ ትሸጣለች። ይህን እንደሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ።

«ቆልፊልኝ» አልኳት ማርታን።

መጀመሪያ በጣት አሻራ አደረገችልኝ። ጣቴ ግን ቀኑን ሙሉ ሰም ውስጥ የሚውል ጣት ነው፤ ስልኩ አያውቀኝም። እጄን ታጥቤ፣ በቀሚሴ ጠርጌ፣ ተንፍሼበት ስሞክር ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ቀጥላ ረጅም ቁጥር አደረገችልኝ፤ እሱን ደግሞ ጧፍ ገዢ እየጠበቀኝ ስነካካ እስታለሁ። ስልኩም እንደ ቢሮ ጸሐፊ «ቆይተሽ ሞክሪ» ይለኛል። በገዛ ስልኬ ደጅ ጠናሁ።

በመጨረሻ ዘዴው መጣልኝ። «ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት አድርጊልኝ» አልኳት። የጊዮርጊስ ቀን ነው፣ አልረሳውም።

«እሙ፣ ፋራ አትሁኚ» አለች ማርታ። «ሽፋኑ ላይ ጊዮርጊስ፣ ስክሪኑ ላይ ጊዮርጊስ፣ የምትውዪው ጊዮርጊስ ደጅ። ሌባው ለመገመት ምን ቀረው?»

«ሌባ የጊዮርጊስን ቀን አያውቅም። ቢያውቅ አይሰርቅም።»

ሳቀችብኝ፣ ግን አደረገችልኝ። ስልኬም ለመጀመሪያ ጊዜ የማልፈራው ነገር ሆነ።

ነገሩ የሆነው ያው በሃያ ሦስት ቀን ነው። ቅዳሴ አስቀድሰን ማኅበርተኛው ተራዋ የሆነች ሴት ቤት ገባን። እኛ ማኅበር ላይ አንድ ሥርዓት አለ፤ ካህኑ ጸሎት ሳይጀምሩ ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ቡፌው ላይ ይቀመጣል። ካህኑ አንድ ጊዜ ጸሎት መሐል የአንዷ ስልክ በዘፈን ስለጮኸባቸው ነው። ሴቱ ደግሞ አጋጣሚውን ትጠቀማለች፣ የቤቱ ባለቤት ዲቫይደር ሰክታ የሁሉም ቻርጅ ይደረጋል። ጸሎቱ አለቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ተላለፈ። ስንወጣ እኔም ስልኬን ብድግ አድርጌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።

ጊዮርጊስ ደጅ ተመልሼ ጧፌን እንደዘረጋሁ ስልኩ ጢን አለ። አወጣሁት። ፈረሰኛው አለ። ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ነካሁ፣ ተከፈተ። «ልጄ» ከሚለው ስም መልእክት ገብቷል። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት።

«እማዬ፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን። አንቺ ሳትኖሪ ማግባት አልፈልግም፣ ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም። ከመጣሽ እንዳታለቅሺ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን አልቻልኩም፣ ፊደሉ ተንቀሳቀሰብኝ።

ማርታ ልታገባ። ማንን? መቼ አወቀችው? ትናንት ማታ እኮ ጎኔ ተኝታ በስልኳ ስትስቅ ነበር። ምን ያስቅሻል ብላት «ምንም» ብላኛለች። አሃ። ምንም ያለችው እሱን ነው። ደግሞ «እሙ» የምትለኝ ልጅ ዛሬ «እማዬ» ብላ መጻፏን አስተውዬ ነበር። ጥፋተኛ ስትሆን ትህትና መጣላት ብዬ ተረጎምኩት። ሰው አንድ ነገር ካመነ በኋላ የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል።

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደገምኩ። አሁን ዘጋችብኝና «መጮህሽን አልችልም። ማዘጋጃ እንገናኝ» የሚል መጣ።

እኔ በሕይወቴ በልጄ ላይ ጮኼ አላውቅም። እፈራታለሁ።

ጧፌን ከጎኔ ለምትሸጠው ሴት ጥዬ ወደ ኬክ ቤቱ በረርኩ። ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ባልደረባዋ ማኪያቶ እየሠራች ነበር።

«ማርታስ?»

«ወጥታለች ማዘር። ዛሬ ቀደም ብላ ወጣች።»

«ወዴት?»

«ቸኩላ ነበር» አለችና ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ጨረሰችኝ። ይህቺም ታውቃለች አልኩ በልቤ። ኬክ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሚዜዎቹ እነሱ ናቸው። ያላወቅሁት እናቷ ብቻ ነኝ።

ወደ ማዘጋጃ ያለውን መንገድ እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የማስታውሰው የምናገረውን መለማመዴን ነው። መጀመሪያ «ወልጄ አሳድጌ» ብዬ ልጀምር አሰብኩ። ከዚያ እሱ የሁሉም እናት ንግግር ነው ብዬ ተውኩት። «ቤቱ ውስጥ ለብቻዬ እንዴት አድራለሁ?» የሚለውን ያዝኩ። እውነቱ እሱ ነበር። ማን እንዳገባት ከመጨነቄ በፊት የጨነቀኝ፣ ማታ በሩን ከውስጥ የምዘጋው እኔ ብቻ መሆኔ ነው። መንገደኛው ያየኛል፤ ነጠላዋ የተንሸራተተ፣ ብቻዋን የምታወራ ሴት።

ግቢው በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ወዴት ነው እናት?»

«ሙሽራ ፍለጋ።»

«የትኛዋን? ዛሬ ብዙ ናቸው።»

እውነቱን ነው፤ ነጭ የለበሰ ሁሉ ደረጃው ላይ ፈስሷል። ፎቶ አንሺ ያዛል፣ ዘመድ እልል ይላል። ከኋላዋ ማርታን የመሰለች አንዲት ሙሽራ አየሁና ክንዷን ጨብጬ «እኔ ሳላውቅ?» አልኳት። ዞረች። ማርታ አይደለችም። ሙሽራው ደንግጦ ወደ እሷ ዞሮ «እንዴ፣ ይህቺ ደግሞ ማናት? ምን ሳታውቅ ነው?» አላት። ይቅርታ ጠይቄ ስሸሽ ከኋላዬ ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል። እነዚያ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ ምንም ያልታወቀ ነገር የለም፣ በሰላም ኑሩ።

ጥግ ላይ፣ ከግርግሩ ራቅ ብላ፣ አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቆማለች። ዘፈን የለም፣ እልልታ የለም። አጠገቧ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውና ጥቂት ጓደኞች ብቻ። ጠጋ ስል ፊቷን አወቅሁት። የበላይነሽ ልጅ ሰላም ናት።

ስለ ሰላም ልንገራችሁ። የምትወደው ሰው ዳዊት ይባላል። አንድ ጊዜ አግብቶ የፈታ ነው። በላይነሽ «ልጄን ለፈት አልድርም» ብላ ቁርጥ አደረገች፣ ሰላምም ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ማኅበር ላይ የሰላም ስም እንዳይነሳ በላይነሽ ራሷ ከልክላናለች። ታዲያ ያን ጊዜ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ማርታ ለሰላም ሚዜ ሆና ይሆን፣ ወይስ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊያገቡ ነው?

ሰላም ስልኳን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ደረቴ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

አወጣሁት። «ልጄ» ይላል። ዓይኔን ሰላም ላይ እንደተከልኩ አነሳሁት።

«ሃሎ፣ እማዬ» አለ ስልኩ።

«ሃሎ፣ እማዬ» አለች ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ።

ልክ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደረጃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ማርታ አላገባችም። ሁለተኛ የተሰማኝ ግን ይህቺ ልጅ የጠራቻት እናት መልእክቱን አላየችውም የሚለው ነው። ጥሪዋን እኔ በልቼባታለሁ።

«እትዬ ጥሩ?» አለች ሰላም ስልኩን ዝቅ አድርጋ። «እማዬ ናት የላከችዎት?»

«አልላከችኝም። ስልኳን ነው ይዤ የመጣሁት። ተሳስቼ አንስቼባታለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ከፈቱት?»

«በሃያ ሦስት።»

ዳዊት ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ሰላም አልሳቀችም። «እንግዲህ አላየችውም» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ አይታ ዝም ያለችኝ መስሎኝ…»

ተራቸው ሊደርስ ነው። የራሴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ለጧፍ ደንበኛ የምሰጠው እሱን ነው። በበላይነሽ ስልክ ደወልኩ፤ ሰላምም ትስማ ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ሃሎ» አለች በላይነሽ። ከኋላዋ ድስት ላይ ሽንኩርት ሲንጫጫ ይሰማል።

«በላይ፣ ጥሩነሽ ነኝ። ስልኬን ይዘሽዋል።»

«የምን ስልክሽን? የኔ ነው። ከፍቼ ስጠቀምበት አይደል የዋልኩት።»

«በስንት ከፈትሽው?»

«በሃያ ሦስት ነዋ።»

«የኔም በሃያ ሦስት ነው።»

«ምነው ያንቺን በሚካኤል ብታደርጊው ኖሮ» አለችኝ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ይመስል። «በይ እሱን ኋላ እንለየዋለን፣ አሁን ዝጊልኝ። እንግዳ አለብኝ። ጥሩዬ፣ ሰላም ለምሳ እየመጣች ነው።»

ሰላም ቀና አለች።

«ማን አለሽ?» አልኩ።

«ራሷ ናት የጻፈችልኝ። ‘ምሳ ቤት ነው የምበላው፣ ሽሮ አድርጊልኝ’ አለችኝ። እንዲሁ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔም ጉዳዩን አላነሳባትም ብያለሁ። ፈትም ይሁን ምንም ይሁን፣ አላነሳም። ትብላልኝ ብቻ። አሁን ደግሞ ደውላ ‘በሩ ተዘግቷል፣ የት ነሽ’ አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ! ብወጣ የለችም። ድምጿም ጎርነን ብሎብኛል፣ ጉንፋን ሳይዛት አልቀረም።»

ጎርናናዋ የኔ ማርታ ናት። ሽሮ ያማራትም እሷው ናት። በተዘጋው ቤታችን ደጃፍ በረሃብ ቆማለች። እኔ ይህን ለበላይነሽ እንዴት ልንገራት? አንድ ሰው ድስት ጥዶ፣ ልቡ ሞልቶ «መጣችልኝ» ሲል፣ «አልመጣችልሽም፣ የሰው ልጅ ናት» ይባላል?

ሰላም እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«እማዬ» አለች።

ሽንኩርቱ ብቻ ይሰማል።

«እማዬ፣ ማዘጋጃ ነኝ። አሁን ልንፈራረም ነው። ሽሮው ይቆይልኝ?»

ስልኩ ተዘጋ።

ተዘጋ ወይስ ዘጋችው? ሰላም ደግማ ልትደውል አለችና ተወችው። ከውስጥ ስማቸው ተጠራ። ዳዊት ገባና ከጸሐፊዋ ጋር ተነጋግሮ ወጣ። «ከኛ ቀጥሎ ያሉት ይቅደሙ ብያቸዋለሁ» አላት። «ትንሽ እንቆይ።» እኔ ያን ጊዜ ወደድኩት። ጥንዶች ገቡ፣ ወጡ። ሌሎች ገቡ። ጸሐፊዋ ብቅ ብላ «እናንተ ልጆች፣ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ እንዴ?» አለች። ሰላም የግቢውን በር እንጂ እሷን አታይም። እኔ ደግሞ በላይነሽን አውቃታለሁ። እልኸኛ ናት። አንድ ጊዜ ከማኅበሩ ጋር ተጣልታ የጽዋ ተራዋ ሲደርስ ዝክሩን ለብቻዋ አድርጋዋለች።

ከዚያ ጥበቃው «እናት፣ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም» ሲል ሰማሁ።

በላይነሽ ናት። የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ። አጠገቧ ደግሞ ማርታ፣ ፊቷን እንደ ቋጠሮ አስራ። በኋላ እንደሰማሁት ማርታ ደግማ ደውላ «ማን ነሽ አንቺ?» «አንቺስ ማን ነሽ?» ተባብለው፣ ተላቅሰው፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው ነው የመጡት።

በላይነሽ ሰላም ፊት ደርሳ ቆመች። ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምሳ በልተሻል?» አለቻት።

ሰላም «አልበላሁም» ስትል ራሷን ነቀነቀች። በላይነሽ ወደ ዳዊት ዞረች። ከጫማው ጀምራ አየችው፤ ረዘም አድርጋ።

«አንተስ?»

«አልበላሁም እማማ።»

«ፈርሙና እንብላ እንግዲህ። ይቀዘቅዛል።»

እንዳታለቅሺ የተባለችው በላይነሽ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ያልተጠራሁት። ከፈረሙ በኋላ ውቤ በረሃ በላይነሽ ቤት ሄደን ሽሮውን በላን። ማርታ «ይሄ የኔ ሽሮ ነው» እያለች ከሙሽሮቹ እኩል ጎረሰች፣ ሰላምም ታጎርሳታለች።

እናንተ የምታነቡኝ እናቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በሚቀጥለው ማኅበር አንድ ተንኮል ሠራሁ። ቡፌው ላይ ያሉትን ስልኮች አንድ በአንድ አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ ሚካኤል ያለበትን በዐሥራ ሁለት፣ ማርያም ያለችበትን በሃያ አንድ፣ ገብርኤል ያለበትን በዐሥራ ዘጠኝ ሞከርኩ። ከጥቂቶቹ በቀር ተከፈቱልኝ። አንዷ «ጥንቆላ ጀመረች» ብላ አማተበችብኝ። እኔ የጊዮርጊስን ቀን ሌባ አያውቅም ብዬ ነበር። ሌባው ቢቀር እኔ ጧፍ ሻጯ የሁሉንም አወቅሁ። ቅዱሳኑን እመኑ፣ ቀናቸውን ግን ለዘበኝነት አትቅጠሯቸው፤ ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል።

እኔ አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ሰም የማይነካትን ትንሿን ጣቴን አሻራ አስመዘገብኩ። ሥራ ላይ ብሆንም እሷን ብቻ ቀስሬ እከፍተዋለሁ፣ ቅጽበት አይፈጅም። ጣቴ እንቢ ካለ የሚከፍት ረዘም ያለ ቁጥር አለኝ፤ ከማንም ቅዱስ፣ ከማንም ልደት ጋር አይገናኝም። ማርታ ብቻ ታውቀዋለች፣ ብሞት የሚከፍት ሰው ያስፈልጋልና። ሳይከፈት በሚታየው ፊቱ ላይ ደግሞ የሷን ቁጥር ጽፋልኛለች፤ ደግ ሰው ቢያገኘው እንዲደውል። «ልጄ» የሚለውንም «ማርታ» ብለን ቀይረነዋል። «ልጄ»ማ ስንት ሰው አለው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ያን ቀን ስልኩ በደንብ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ወዲያው አልከፈት ሲለኝ የኔ አለመሆኑን አውቄ እመልስላት ነበር። በላይነሽም የሰላምን መልእክት በጊዜው ታነበው ነበር። ይህን አንስቼ ይቅርታ ብጠይቃት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ባነበው አልሄድም ነበር» አለችኝ። «ማዘጋጃ የሚለውን ሳይ ስልኩን ወርውሬ እተኛ ነበር። ለምሳ መጣች ብዬ ልቤ ከሟሟ በኋላ ነው የነገራችሁኝ፤ መልሼ ላጠነክረው አልቻልኩም።»

ስለዚህ ምን ልበላችሁ። ቆልፉ። እኔም ቆልፌያለሁ፣ ክፍት በር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አያስገባም። በላይነሽም ቁጥሯን ቀይራለች፤ በምን እንደቀየረችው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ባለፈው ማኅበር ግን ካህኑ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ጠብቄ፣ ስልኳን አንስቼ ሞክሬዋለሁ። ቅዱሳኑን ሁሉ፣ የልጇን ልደት፣ የሠርጉንም ቀን ሞከርኩ። አልተከፈተልኝም። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ደግሞ ቅር አለኝ።